አስቂኝና ለየት ያሉ ታርጋዎችን ማደን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጀመሪያ አንድ ነገር፣ እዚህ ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ የላቲን ፊደሎቹንም ሲጠሩ እንደሚሰሙት አድርጌ ነው የጻፍኳቸው፣ ስለዚህ "ቢ አይ" ካልኩ ሁለት ፊደል ነው ማለት ነው።

ታርጋ ማደን ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

የሚያልፉ መኪኖችን ታርጋ ማንበብ ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ስታነቡ ስታነቡ አንዱ ላይ ፊደሎቹ ተገጣጥመው ቃል ይሆናሉ፣ አንዱ ላይ ቁጥሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ አይነት ሆኖ ይመጣል፣ አንዱ ደሞ ከተለጠፈበት መኪና ጋር እንዲህ ገጥሞ ስታዩት ብቻችሁን ትስቃላችሁ። የሚገዛ ዕቃ የለ፣ ክፍያ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ሰው ሁሉ ሲበሳጭ እናንተ ከፊታችሁ የተደረደሩትን ታነባላችሁ፣ እኔ በበኩሌ መንገድ ላይ ሰዓት ለመግፋት ይሄን የሚያክል ነገር አላገኘሁም።

ሁሉም ታርጋ ፊደልና ቁጥር ነው፣ "ለየት ያለ" የሚያስብለው ምኑ ነው?

እኔ በሶስት ነው የምከፍላቸው። አንደኛው ባለቤቱ አስቦ፣ መርጦ፣ ከፍሎ ያወጣው ነው። ሁለተኛው ማንም ሳያስብበት ተራው ደርሶ ብቻ የወጣ ግን ሲነበብ ነገር ያለው ነው። ሶስተኛው ደሞ አገሩ ወይ አሰራሩ ራሱ እንግዳ የሆነ፣ ለምሳሌ ቅርፁ ወይ ፅሁፉ ሌላ ቦታ የማይታይ። ከሶስቱ ምርጡ የቱ ነው ካላችሁኝ ያለ ምንም ማመንታት ሁለተኛው ነው የምላችሁ፣ ምክንያቱም የተገዛው ላይ የምትስቁት ባለቤቱ ባሰበላችሁ ነገር ነው፣ ማንም ሳያስበው የወጣው ግን መጀመሪያ ያየው ሰው ንብረት ነው፣ ባለቤቱ ራሱ ስንት ዓመት እየነዳው ላያውቀው ይችላል እኮ።

ከየት ልጀምር?

ካላችሁበት አገር አሰራር። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን የተለመደውን የማያውቅ ሰው ያልተለመደው ቢያልፍበትም አያየውም።

እንግሊዝን ውሰዱ። ከሴፕቴምበር 2001 ጀምሮ ያለው አሰራር ሁለት ፊደል፣ ሁለት ቁጥር፣ ከዛ ሶስት ፊደል ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች የተመዘገበበትን አካባቢ ይናገራሉ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ደሞ ጊዜውን፣ በማርች የሚጀምረው የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት ቁጥር ይይዛል፣ በሴፕቴምበር የሚጀምረው ላይ ደሞ 50 ይደመራል፣ ስለዚህ 24 ካያችሁ ከማርች 2024፣ 74 ካያችሁ ከሴፕቴምበር 2024 ነው። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ነው ጨዋታው የሚገባችሁ፣ 5 ቁጥር የእንግሊዝኛውን ኤስ ይመስላል አይደል፣ 55 ደሞ በሴፕቴምበር 2005 የጀመረው ዙር ነው፣ ስለዚህ "ቢ ኦ 55" ብሎ የሚጀምር ታርጋ ቁልጭ ብሎ "ቦስ" (አለቃ) ተብሎ ይነበባል፣ ይሄ የሚሆነው ደሞ በዛ ስድስት ወር ዙር ብቻ ነው። 2011 ላይም እንደዛው፣ 11 ሁለት ኤል ስለሚመስል "ቢ ዩ 11" ማለት "ቡል" (ኮርማ) ማለት ነው። እዛው እንግሊዝ በኪው ፊደል የሚጀምር ታርጋ ካያችሁ ደሞ ዕድሜው በትክክል የማይታወቅ መኪና ነው፣ ከተለያየ መኪና ዕቃ ተገጣጥሞ የተሰራ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ሳታዩት አታሳልፉት።

ጀርመን ላይ የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ከተማውን ወይ ወረዳውን ነው የሚነግሯችሁ፣ ከትላልቆቹ ከተሞች ብዙዎቹ አንድ ፊደል ብቻ ነው ያላቸው፣ በርሊን ቢ ናት። ቢለፌልድ የምትባለው ከተማ ኮዷ "ቢ አይ" ነው፣ ከሱ ቀጥሎ "ኢ አር" የሚል ከመጣ "ቢር" ሆነ ማለት ነው፣ በጀርመንኛ ቢራ። የሀናው ኮድ ደሞ "ኤች ዩ" ነው፣ "ኤን ዲ" ሲጨመርበት "ሁንድ" ይሆናል፣ ውሻ። ቱርክ ላይ ሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ክፍለ ሀገሩን ነው የሚያሳዩት፣ አንካራ 06 ኢስታንቡል 34፣ ቁጥሩ ሲሰጥ በፊደል ተራ ስለነበር እስከ 67 ድረስ ያለው ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል ከዛ በኋላ የመጡት ክፍለ ሀገሮች ግን መጨረሻ ላይ ነው የተቀጠሉት። ፈረንሳይ ደሞ ከ2009 ወዲህ በቀኝ ጠርዝ ያለውን የአካባቢ ምልክት ባለመኪናው የፈለገውን መምረጥ ይችላል፣ እዛ መኖር አይጠበቅበትም፣ ስለዚህ የኮርሲካ ደሴትን ምልክት የለጠፈ መኪና ስታዩ ከኮርሲካ መጣ ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

ፀያፍ ቃል የያዘ ታርጋ እንዴት ይወጣል? የሚያጣራ የለም እንዴ?

አለ፣ ሁሉም ጋር ማለት ይቻላል የሚያጣራ አለ፣ ግን ሰው የማያስበው ነገር ሁሌም ያመልጣል።

እንግሊዝ አዲስ ዙር ከመውጣቱ በፊት መዝጋቢው መስሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ፊደልና ቁጥሩን እያየ ስድብ የሚመስሉትን፣ ሃይማኖት የሚነኩትን፣ ከጦርነት ጋር የሚያያዙትን አስቀድሞ ያወጣቸዋል፣ በየዙሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ስዊድን ሶስት ፊደል ስለምትጠቀም ፀያፍ የሚሆኑባት ባለሶስት ፊደል ጥምረቶች ዝርዝር አላት፣ እነሱ አይወጡም። ጀርመን ላይ ነገሩ ከቀልድ ያልፋል፣ ኤስ ኤስ፣ ኤስ ኤ፣ ኤን ኤስ፣ ኤች ጄ፣ ኬ ዜድ የሚሉት ጥምረቶች ከናዚ ዘመን ድርጅቶችና ካምፖች ጋር ስለሚገናኙ አይሰጡም።

ጃፓን በጣም ነው ደስ የምትለኝ። እያንዳንዱ ታርጋ ላይ ከሂራጋና ፊደሎቻቸው አንዷ ትገባለች፣ ግን አራቱ ቀርተዋል፣ "ሺ" ሞት ማለት ስለሚሆን፣ "ሄ" ፈስ ማለት ስለሚሆን፣ "ን" ለብቻዋ ስትጠራ ስለምታስቸግር፣ "ኦ" ደሞ ከሌላ ፊደል ጋር ስለምትምታታ። በ42 ወይ በ49 የሚያልቅ ቁጥርም ባለቤቱ ራሱ ካልጠየቀ አይሰጡም፣ 42 "ሺኒ" ተብሎ ሲነበብ ከመሞት ጋር ይገናኛል፣ 49 ደሞ ሞትና ስቃይ ተብሎ ነው የሚሰማው። ተሳፋሪ ጭኖ ለሚዞር ሰው አስቡት።

የሚያመልጠው ግን ምን አይነት ነው? አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ለህፃናት ድጋፍ የሚሆን ታርጋ አለ፣ ከስሩ "ኪድስ ፈርስት" ይላል፣ ህፃናት ይቅደሙ ለማለት። አንድ ሰው ከላይ ያለው የራሱ ምርጫ ላይ "ኢት ዘ" የሚል አስወጣበት። አሁን ከላይ ወደ ታች አንብቡት፣ "መጀመሪያ ህፃናቱን ብሉ" ሆነ። ላዩን ብቻ ብታዩት ምንም ነውር የለበትም፣ ስሩን ብቻ ብታዩትም እንደዛው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን በቃ። መጨረሻ ላይ መስሪያ ቤቱ ታርጋውን ሰረዘበት። እኔ ከሰማኋቸው በክፍያ የወጡ ታርጋዎች ውስጥ እዚህ የሚደርስ ያለ አይመስለኝም። ቨርጂኒያ ለነገሩ በዚህ የታወቀች ናት፣ በ2007 በተደረገ ጥናት ከተመዘገቡት መኪኖቿ 16 ከመቶ ያህሉ ባለቤቱ የመረጠው ታርጋ ነበራቸው፣ ከአሜሪካ ግዛቶች አንደኛ።

በመስታወት የሚነበብ ታርጋ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ይሄ የአጣሪዎቹ ትልቁ ራስ ምታት ነው። ኤም፣ ቲ፣ ኤ በመስታወት ሲታዩ አይቀየሩም፣ 3 ቁጥር ደሞ ሲዞር ኢ ይሆናል። ስለዚህ "3 ኤም ቲ ኤ 3" ብሎ የተጻፈ ከፊታችሁ ስታዩት ምንም አይደለም፣ ከኋላችሁ ሲመጣ በስፖኪዮ ስታዩት ግን "ኢት ሚ" ይላል፣ ብላኝ እንደማለት። ተገልብጠው የሚነበቡም አሉ፣ በካልኩሌተር ላይ ቃል ስንጽፍ እንደነበረው። ስለዚህ የሚያጣራው ሰው ፊት ለፊት፣ ተገልብጦ፣ በመስታወት ማየት አለበት፣ እናንተም እንደዛው ልመዱ፣ ስፖኪዮውን መመልከት ያለበት ግን ሾፌሩ ሳይሆን ጋቢና ጎኑ የተቀመጠው ነው።

አንዳንድ አገር ለምን ጥቂት ፊደል ብቻ ነው የሚጠቀመው?

በ1968 የቪየናው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሰረት ድንበር የሚሻገር መኪና ታርጋው በላቲን ፊደልና በተለመደው ቁጥር መነበብ አለበት። ሩሲያ የራሷ ፊደል ስላላት ከላቲኑ ጋር በመልክ የሚመሳሰሉትን 12 ፊደሎች ብቻ መርጣ ያዘች፣ ግሪክም በተመሳሳይ 14 ብቻ ነው የምትጠቀመው። በዚህ ምክንያት ሁለት ንባብ ያለው ታርጋ ይፈጠራል፣ ፊደሉን የሚያውቀው አገሬው አንድ ነገር ያነባል፣ ከውጭ የመጣው ሌላ ነገር፣ ለአዳኝ ደሞ ሁለት ዕድል ማለት ነው። እኛም እኮ ሌላው የማያየውን እናያለን፣ "ኤ ቢ ኤ" የሚሉ ፊደሎች የለጠፈ መኪና ሲያልፍ ለሌላው ሰው ባዶ ፊደል ነው፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን አባ መጡ ማለት ነው።

ቁጥር ብቻውን ምን ያስቃል?

ቁጥር ያስቃልም፣ ያስፈራልም፣ ሀብታምም ያደርጋል። አየርላንድ ታርጋዋ በዓመቱ ሁለት ቁጥር ነበር የሚጀምረው፣ 12 አለቀና 13 ሊመጣ ሲል 13 ገድ የለውም የሚል ሰው ብዙ ስለሆነ መኪና የሚገዛ እንዳይጠፋ ተፈራ፣ ከ2013 ጀምሮ ዓመቱን ለሁለት ከፍለው የመጀመሪያው ስድስት ወር 131 ሁለተኛው 132 እንዲሆን ተደረገ፣ እስካሁንም በዛው ነው የቀጠለው።

አፍጋኒስታን የሆነው ይባስ። በ2011 ካቡል ውስጥ 39 የሚል ያለበት ታርጋ መያዝ አሳፋሪ ሆነ፣ ወሬው የሴቶች ደላላ የነበረ አንድ ሰው ታርጋው 39 ስለነበር ነው የሚል ነበር፣ ከዛ በኋላ ሰው 39 ያለበትን መኪና አልገዛም አለ፣ ያላቸውም ቁጥሩን መሸፈንና መቀየር ጀመሩ። ቁጥሩ ምን አደረገ? ምንም። ግን ወሬ እንዴት የብረት ቁራጭን ዋጋ እንደሚያወርድ ያሳያል።

በተቃራኒው ሆንግ ኮንግ ላይ 28 ሲነበብ በቀላሉ መበልፀግን የሚመስል ድምፅ ስላለው በ2016 በ18.1 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጠ። አቡ ዳቢ "1" ቁጥርን በ2008 በ52.2 ሚሊዮን ድርሃም ሸጠች፣ ዱባይ ደሞ በኤፕሪል 2023 "ፒ 7" ን በ55 ሚሊዮን ድርሃም፣ የዓለም ሪከርድ ሆኖ ተመዘገበ፣ ገቢውም ለተራቡ ሰዎች ምግብ ለማቅረብ ዘመቻ ነው የሄደው። አሜሪካ ደላዌር ትንሽ ቁጥር ቤተሰብ የሚወራረሰው ነገር ነው፣ 6 ቁጥር በ2008 በ675 ሺ ዶላር ተሸጧል። ለእኔ ግን እነዚህ ዜና እንጂ አደን አይደሉም፣ የትም ቢሆን አንድ አሮጌ ፒክአፕ ላይ 7777 ሳገኝ ነው ልቤ ደስ የሚለው።

ቅርፁ ራሱ የተለየ ታርጋስ አለ?

የካናዳ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ከ1970 ጀምሮ ታርጋው በነጭ ድብ ቅርፅ የተቆረጠ ነው፣ እግር፣ ጭራ፣ አፍንጫ ያለው ድብ፣ ቁጥሩ ሆዱ ላይ። ኑናቩት የምትባለው ግዛት ከዛው ተለይታ ከወጣች በኋላም ይሄንኑ ቅርፅ እስከ 2012 ስትጠቀም ነበር። ጃፓን ውስጥ ደሞ ከተሞች ለትናንሽ ሞተር ሳይክሎች የራሳቸውን ቅርፅ ያወጣሉ፣ ማትሱያማ በ2007 በደመና ቅርፅ ነው የጀመረችው፣ ከዛ ሌሎቹ ተከተሏት፣ የፉጂ ተራራ ቅርፅ ያለውም አለ።

ከምን እንደሚሰራም ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ስለጠፋ አሜሪካ ኢሊኖይ በ1943 ታርጋ ከአኩሪ አተር በተሰራ ካርቶን መሰል ነገር ማውጣት ጀመረች፣ ፍየሎችና ላሞች አገኙታ! ታርጋ የበሉ ከብቶች ወሬ ከዛ ነው የመጣው።

ፅሁፉም ቢሆን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ኒው ሃምፕሸር ታርጋዋ ላይ "በነፃነት ኑር ወይ ሙት" የሚል አለባት፣ አንድ ነዋሪ ከእምነቴ ጋር አይሄድም ብሎ ፅሁፉን ሸፈነው፣ ተቀጣ፣ ታሰረም፣ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1977 ለሱ ፈረዱለት። ነፃነት የሚል ፅሁፍ ሸፈንክ ተብሎ ሰው መታሰሩ በጣም የሚያሳስብ ነገር ነው፣ ታርጋ ቀላል ነገር አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

ቀልደኛ ታርጋ ባለቤቱን ችግር ውስጥ ይከታል?

እንዴታ። በ1979 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሰው ፎርም ሲሞላ የሚፈልገውን ሶስት ምርጫ እንዲጽፍ ተጠየቀ፣ ሁለቱን ከጀልባ ጋር የሚገናኙ ቃላት ጻፈ፣ እነሱ ካልተገኙ ሌላ ስላልፈለገ ሶስተኛው ላይ "ታርጋ የለም" ብሎ ጻፈ፣ መስሪያ ቤቱም "ኖ ፕሌት" የሚል ታርጋ አትሞ ላከለት። ወደደውና ለጠፈው። ችግሩ ፖሊሶች ታርጋ የሌለው መኪና ሲቀጡ ወረቀቱ ላይ የሚጽፉት ይሄንኑ ቃል ነበር፣ ስለዚህ በግዛቱ ያለ ታርጋ የቆመ መኪና ሁሉ ቅጣት እሱ ቤት መምጣት ጀመረ፣ ከ2 ሺ በላይ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እዛው ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያ "ነል" የሚል አስወጣ፣ በፕሮግራሚንግ ባዶ ዳታ ለማለት የሚጻፍ ቃል ነው። አንዴ ቅጣት ከተመዘገበበት በኋላ ሲስተሙ ታርጋቸው ያልተሞላ መኪኖችን ቅጣት ሁሉ ወደሱ አመጣው፣ 12 ሺ ዶላር ገደማ ደረሰ፣ በ2019 ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ተናግሮታል። ምርጫ ካላችሁ ሲስተም ውስጥ ትርጉም ያለው ቃል አትንኩ።

ታርጋ የሌለው መኪና ህጋዊ ሊሆን ይችላል?

የእንግሊዝ ንጉስ ለመንግስት ስነስርዓት የሚጠቀምባቸው መኪኖች ታርጋ የላቸውም፣ አያስፈልጋቸውም። የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት መኪና ግን አለው፣ "ኤስ ሲ ቪ 1"፣ ፊደሎቹ የቫቲካን ከተማ መንግስት ማለት ናቸው፣ የሮም ሰዎች ደሞ የቅንጦት መኪናዎቹን እያዩ "ክርስቶስ ቢያይ" ብለው ይፈቱታል፣ በጣልያንኛ መነሻ ፊደሎቹ ይገጥማሉ።

ብቻዬን ስሆን ወይ ከልጆች ጋር የምንጫወተው ጨዋታ አለ?

አለ፣ እንግሊዝ ውስጥ የቆየ ጨዋታ ነው፣ 1 የሚል ቁጥር ያለው ታርጋ ፈልጉ፣ ከዛ 2፣ ከዛ 3 እያላችሁ እስከ 999፣ ህጉ ተራ መዝለል አይቻልም፣ 14 እየፈለጋችሁ 15 ቢያልፍ አይቆጠርም። ዓመታት ይወስዳል፣ ለዛ ነው የሚጥመው። ለልጆች አጠር ያለው ይሻላል፣ በታርጋው ፊደሎች የሚጀምር አረፍተ ነገር መስራት፣ ወይ ቁጥሮቹን ደምሮ 20 የሞላለት ያሸንፋል።

ያየሁትን ፎቶ አንስቼ መለጠፍ እችላለሁ?

እየነዳችሁ በጭራሽ፣ ይሄ ላይ ድርድር የለም። ተሳፋሪ ከሆናችሁ ወይ የቆመ መኪና ከሆነ በብዙ አገር መንገድ ላይ ማንሳቱ ችግር የለውም፣ መለጠፍ ግን ሌላ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ የታርጋ ቁጥር ከሰው ጋር የሚያያዝ የግል መረጃ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። እኔ የምከተለው ይሄን ነው፣ የሚለጠፈው ታርጋው ብቻ ተቆርጦ ነው፣ ሰው፣ ቤት፣ ሰፈር፣ ሰዓት አይታይም፣ ህፃን ያለበት መኪና አይነካም፣ ያው አንድ መኪና ደጋግሞ አይለጠፍም። አገሩ ህግ ከከለከለ ወይ ባለቤቱ አጥፉልኝ ካለ ይጠፋል። ቃሉን በወረቀት ጽፎ መያዝም እኮ ይበቃል።

በቡሎን ወይ በቴፕ ፊደሉን ቃል ማስመሰል ይቻላል?

አይቻልም፣ እንግሊዝ ውስጥ ክፍተቱን መቀየርና ቡሎኑን እንደ ፊደል አካል አድርጎ መጠቀም እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ምክንያቱ ታርጋ የሚያነቡት ካሜራዎች ናቸው፣ እነሱ ራሳቸው እዛው እንግሊዝ በ1976 ነው የተፈጠሩት። ጀርመንማ ፊደሉን ራሱ ለዚህ ብላ ነው የቀረፀችው፣ ፒ የሚለውን ፊደል በጥቁር ቴፕ አር የሚለውን ፊደል ልታደርጉት ብትሞክሩ ቅርፃቸው ስለሚለያይ ያስታውቃል፣ 3 ን 8 ማድረግም እንደዛው። እንዲህ የተነካካ ታርጋ አደን ውስጥ አይቆጠርም።

አሮጌ ታርጋ መሰብሰብስ?

ለሱ ራሱን የቻለ ማህበር አለ፣ አሜሪካ ውስጥ በ1954 የተመሰረተ፣ አባላቱ ይለዋወጣሉ ይሸጣሉ። ካገኛችሁ ቀለሙን አታድሱት፣ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውሃ ብቻ ጥረጉት፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የድሮውን ቀለም ነው። አንዳንድ አገር ደሞ ታርጋው የመንግስት ንብረት ስለሆነ መኪናው ሲሰረዝ ይመለሳል፣ ከማስቀረታችሁ በፊት ጠይቁ።